የዴልበርት አሥራ ሁለት ጥዶች

ኦፓል በስልሳ ስምንት ዓመቷ ድንኳን ውስጥ አድራ አታውቅም። ከአትላንታ ድረስ የመጣችው ለልጇ ስትል ነው። ዴልበርት አምና ሲሞት የቀራት አንዲት ፖስትካርድ ናት፤ ከአራት ዓመት በፊት የላከላት፦ «እማ፣ እዚህ አሸዋ ላይ አሥራ ሁለት ጥድ ተክዬልሻለሁ። አንድ ቀን መጥተሽ ታዪያቸዋለሽ።»

ጥዶቹ ባሉበት ጫካ ውስጥ እንዲሰፍሩ የሚፈቀድላቸው በጎ ፈቃደኞች ብቻ ናቸው። ተመዘገበች።

አለቃቸው ሃርላን የዴልበርት ስም የተጻፈበትን ችካል በጣቱ አሳይቷት ወደ ሥራው ሮጠ። ሰማዩ ያጉረመርማል። ኦፓል ዝናቡ ሳይቀድማት ድንኳኗን ከልጇ ችካል ሥር ለመትከል ተጣደፈች። መሬቱ ከወር በፊት ተቃጥሎ ከሰል ለብሷል፤ ተርታውን ያቆጠቆጠ ሣር ብቻ አለበት። ጀርባዬን ይወጋኛል ብላ ነቀለችው። ምን ዓይነት ግትር ሣር ነው እቴ! ሥሩ አልላቀቅ ብሎ ወገቧን ቆረጣት፤ መዳፏም በጭማቂው ተጣበቀ።

ደመናው ሳይዘንብ አለፈ። ጥዶቹን ለማየት ቀና ያለችው ያኔ ነው። እስከ ትከሻዬ ይደርሳሉ ብላ ጠብቃ ነበር። በስተግራ አመድ፣ በስተቀኝ አመድ።

«ወይኔ ልጄን! ሁለተኛ ሞተብኝ!»

እያለከለከች ሃርላን ጋ ደረሰች።

«አቶ ሃርላን፣ እሳቱን የለቀቁት እርስዎ ነዎት?»

«አዎ፣ ሚስ ኦፓል። ይህ ጫካ ያለ እሳት አይኖርም።»

«የልጄን ጥዶች አቃጠሏቸዋ!»

«ኧረ በጭራሽ! እሳት አይገድላቸውም። ማክሰኞ አይቻቸዋለሁ፤ አሥራ ሁለቱም ለምለም ናቸው።»

«ውሸታም!» አንቱታው ከአፏ ጠፋ። «ዕውር ነሽ ልትለኝ ነው? ምን ነበር አንዷን እንኳ ብታተርፍልኝ! እሷን ይዤ አለቅስ አልነበር?»

ሃርላን ቀላ። ክንዷን ያዘ። «ይምጡ፣ ላሳይዎት።»

ችካሉ ጋ ሲደርሱ ድንኳኑን አየ። ከጎኑ የተከመረውን ሣር አየ። አንዱን አንስቶ አሸተተው። ከዚያ የኦፓልን እጅ ገልብጦ ተመለከተ፤ መዳፏ በሙጫ ጠቁሯል። ባርኔጣውን አወለቀ።

«ይህ ዓይነቱ ጥድ እኮ» አላት፣ «እስኪጠና ድረስ ለዓመታት ሣር ነው የሚመስለው፣ ሚስ ኦፓል።»