«ጋሼ»

ሽበታሙ መካኒክ ውሉን ሦስቴ ገልብጠው አነበቡ። ከጠረጴዛው ማዶ፣ ልጃቸውን የምታክለው የትልቁ ኩባንያ የቅጥር ኃላፊ እስክሪብቶ በሁለት እጇ ዘርግታ ትጠብቃቸው ነበር።

«ይፈርሙ እንጂ ጋሼ፣ ምን አሳሰበዎት?»

ደመወዙ እጥፍ፣ ሕክምናው ለመላ ቤተሰቡ፣ ሰርቪሱ እስከ ደጃፍ ነበር። ባለቤታቸውም ለጎረቤቱ ሁሉ አውርተው ጨርሰዋል። ሆዳቸው ግን «ማር ሲበዛ ይመራል» እያለ አስቸገራቸው። በትንሿ ጋራዥ በሃያ ዓመት ያተረፉት «ጋሼ» መባልን ብቻ ነበር፤ እዚህ ደግሞ እሱም አልቀረባቸውም። ታዲያ ወጥመዱ የቱ ጋ ነው? ከደቃቃዎቹ ፊደሎች መሀል ፈለጉ፤ አጡት።

ፈረሙ።

ልጅቷ ማኅተሙን መታች፤ እስክሪብቶውንም በአንድ እጇ ከጣታቸው መንጭቃ ወሰደች። ቀና ብላም አላየቻቸው።

«በል፣ ስትወጣ ቀጣዩን ጥራልኝ» አለች።