ያልተላጠው ላስቲክ

"ላፕቶፑ እየጋለ ይጠፋብኛል" ብላ ነው ሴትየዋ ያመጣችው። የጥገና ቤቱ ሚልኪያስ ገልበጥ አድርጎ አየውና ሳቀ። ከተገዛ ጀምሮ የመሸፈኛ ላስቲኩ አልተላጠም፤ የአየር መውጫውን ሳይቀር ደፍኖታል።

"እህቴ፣ ይሄ እኮ በመንገድ እንዳይጫር ነው" አለና ከስክሪኑም ከጎኑም ላጠው። ጨምድዶ ቅርጫት ውስጥ ጣለው። ስክሪኑ መስታወት መሰለ።

"አየሽ? ልጅሽ በማርማላታ እጁ ለቅልቆልሽ ነበር። ሁለተኛ እንዳታስነኪው።"

"ከእንግዲህ አይነካውም" አለች፣ ድምጿ እምብዛም ሳይሰማ።

ሚልኪያስ ቻርጀሩን ጠቅልሎ ዞር ሲል፣ ቅርጫቱ አጠገብ ቁጢጥ ብላ አገኛት። ላስቲኩን አውጥታ የከል ቀሚሷ ላይ ዘርግታዋለች። ትንንሾቹ ጣቶች ያረፉበትን ቦታ እንዳትነካ እየተጠነቀቀች፣ ዳር ዳሩን ታቃናለች።