ቀድሞ የደረሰው ጥላ

ከውጭ ተምሮ የተመለሰው የኮምፒውተር ምስል ሠሪ ገና ያልተጀመረውን አፓርታማ ለቤት ገዢዎች ሊያሳይ ነበር። እንደተማረው ሕንፃውን ለብቻ፣ ብርሃኑን ለብቻ፣ ጥላውን ለብቻ በምስል ሠርቶ ኋላ አንድ ላይ ሊደራርባቸው አሰበ። ያስተማሩት ፈረንጆች ግን አለቃውን አያውቁትም።

«ገዢዎቹ ሕንፃው የሚሠራበት ሜዳ ላይ ፀሐይ እየፈጃቸው ቤታችንን አሳዩን እያሉ ነው! ያለቀውን ላክ፤ አለዚያ ነገ እንዳትመጣ!» ሲል አለቃው በስልክ ጮኸበት።

ያለቀው ጥላው ብቻ ነበር። እሱኑ ላከና «አበቃልኝ» እያለ ወደ ሜዳው ሮጠ።

ሜዳው ባዶ ነው። መሬቱ ላይ ግን የባለ ሰባት ፎቅ ሕንፃ ጥላ ተዘርግቷል፤ ገዢዎቹም ጫማቸውን አውልቀው ጋደም ብለውበታል። ግራ ተጋብቶ ወደ ጥላው ሲገባ አንዲት እናት ቀና አሉ።

«ምነው ልጄ፣ የሰው ቤት ሳይንኳኳ ይገባል?»