ፈጥኖ የሚያርፍ ልብ

ሁለት ሐበሾች ፈረንሳይ ውስጥ በዶርዶኝ ወንዝ ሸለቆ አንዱን ዳገት በብስክሌት ይወጣሉ። የፊተኛው መሐንዲስ ነው፤ ከስሜት ይልቅ በቁጥር ያምናል። ሁለቱም ደረታቸው ላይ ያሰሩት ቀበቶ የልብ ምታቸውን እየቆጠረ፣ የብስክሌታቸው መሪ ላይ ወደተገጠመችው ትንሽ ስክሪን ይልካል፤ እያንዳንዱ ቀበቶ የሚልከው ለራሱ ስክሪን ብቻ ነው።

«ደረቴን ጨምድዶ ይዞኛል፤ እባክህ እንረፍ» አለ ጓደኛው ሺበሺ ከኋላ።

«ስክሪንህ ስንት ይላል?»

«መቶ አስር።»

«መቶ አስር! በዚህ ምት እኮ ሰው ቁጭ ብሎ ጋዜጣ ያነባል። የኔ መቶ ሰማንያ አልፏል፤ አለቀስኩ?»

ሺበሺ አፍሮ መርገጡን ቀጠለ። ማሽን ከተናገረ በኋላ የሰው ደረት ምን ያውቃል?

አናቱ ላይ ሲደርሱ ሺበሺ ብስክሌቱን አጠገቡ ጥሎ ሳሩ ላይ ተዘረረ። መሐንዲሱ እንደቆመ፣ ወንዙን ሳይሆን ስክሪኑን እያየ፣ ትምህርቱን ጀመረ።

«የሠለጠነ ልብ የሚለየው ሲያርፍ ነው፣ ሺቤ። ይኸው መቶ ሆነ፤ አሁን ሰባ... አርባ! እንዲህ ፈጥኖ የሚወርደው የሻምፒዮን ልብ ብቻ ነው። ምነው ዝም አልክ? ቅናት ያዘህ እንዴ?»

ስክሪኑ ዜሮ አለ። በጣቱ መታ መታ አደረገው፤ ዜሮ። አንገቱን ዳሰሰ፤ የራሱ ልብ ደህና ይመታል። ቀበቶዎቹ አንድ ዓይነት መሆናቸው፣ ጠዋትም ከአንድ የሆቴል ጠረጴዛ ላይ መነሳታቸው ያኔ ትዝ አለው።

ሳሩ ላይ በወደቀው ብስክሌት፣ የሺበሺ ስክሪን መቶ ሠላሳ፣ መቶ ሃምሳ እያለ ይወጣ ጀመር።