ብስክሌቱ የእሱ፣ መንፊያው የእኔ

በሩን ስከፍት ፋንታ ብስክሌቱን ደግፎ ቆሟል። ሻንጣውን ከኋላ አስሮታል። የኋላው ጎማ ጨርሶ ተንፍሶ ቸርኬው መሬት ሊነካ ደርሷል።

«ሰላም አደሩ፣ ወይዘሮ ሀብትነሽ?» ይለኛል። ወይዘሮ! እስካለፈው ወር ድረስ ባሌ የነበረ ሰው።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ አቶ ፋንታ። ምን እግር ጣለዎት?»

«ወደ ደብረ ወርቅ ተዛውሬ ዛሬ መሄዴ ነው። ጎማው ደግሞ… እንግዲህ መንፊያውን ቢያውሱኝ ብዬ ነው።»

ልቤ እንዴት እንደዘለለችና እንዴት እንደወደቀች የማውቀው እኔ ነኝ። በሩ ሲንኳኳ የእሱ ማንኳኳት መሆኑን ለይቼ፣ ሻሼን አስተካክዬ ነው የወጣሁት።

መንፊያው የእኔ ነው። ንብረት ስንካፈል አባ ወልደ ኪዳንና ሌሎቹ ሽማግሌዎች ላሚቱን ለእኔ፣ ብስክሌቱን ለእሱ አደረጉ። መንፊያው ላይ ሲደርሱ፣ ወንድሜ ከአሥመራ ያመጣልኝ መሆኑ ተመሰከረና «የግል ገንዘቧ ነው፤ አይነካም» ብለው ፈረዱ። አንዳቸውም ብስክሌት ነድተው አያውቁም። እኛም አንዱ ያለ አንዱ ምን ይሠራል አላልናቸውም። «ትታረቁ እንደሁ አሁንም አልመሸም» ሲሉን እሱ እኔን ጠበቀ፣ እኔ እሱን ጠበቅሁ። ከዚያ ላንመለስ «ጃንሆይ ይሙት» ብለን ማልን፤ አለቀ። ኩራት ራት ነው ይላሉ፤ እኔስ በልቼው አልጠገብኩም።

የተጣላነውስ በምን ነበር? በእናቱ ተጀመረ፣ በእኔ ምላስ አለቀ።

«ስጪኝ፣ እኔው እነፋዋለሁ» ይላል፤ አንቱታውን ረስቶታል።

«አንተ? አንተማ መርፌህን ውጋ!» ድሬሰር ነው። የቢቸናን ሰው ሁሉ ሲወጋ እጁ አይንቀጠቀጥም፤ መንፊያ ሲይዝ ግን አየሩን ለሰፈሩ ነው የሚያካፍለው።

መንፊያውን አምጥቼ መቆሚያውን በሁለት እግሬ እረግጣለሁ። እሱ ቁጢጥ ብሎ ቱቦውን ቫልቩ ላይ ቀጥ አድርጎ ይይዛል፤ ከተጣመመ አየሩ በጎን ያመልጣል። ስንት ማለዳ እንዲህ አድርገናል። ትንሽ እነፋና አቆማለሁ፤ ጎማው ቸርኬው ውስጥ ዙሪያውን እኩል መቀመጡን በጣቴ እዳስሳለሁ። ይህን ሳያዩ የሞሉት ጎማ መንገድ ላይ ይፈነዳል። እሾህም እንዳይኖር እፈልጋለሁ። የለም።

እንደገና እነፋለሁ፤ እስከ ላይ እየሳብኩ፣ እስከ ታች እየተጫንኩ፣ ሳልቸኩል። ኮሌታው ከኋላ ተገልብጧል። እጄ ሊያቃናው ይነሣና ተመልሶ መንፊያውን ይጨብጣል።

ጎማው ይጠጥራል። በአውራ ጣቴ ስጫነው እምብዛም አይሰረጉድም። ፋንታ ቱቦውን ሲነቅል ጣቴን በምራቄ አርሼ ቫልቩ ላይ አደርጋለሁ። የሚያስተነፍስ ቢሆን አረፋ ያወጣ ነበር፤ አያወጣም። ጆሮዬን አስጠግቼ ዙሪያውን አዳምጣለሁ። አንዳች ድምፅ የለም።

ያን ጊዜ ይገባኛል። ይህ ጎማ ምንም አልሆነም፤ አየሩን በእጁ ያስወጣው ሰው አለ። ቀና ስል ፋንታ አጥሩን ያያል፣ እኔን አያይም።

«ቀዳዳ የለውም እኮ፣ ፋንታ።»

«አውቃለሁ» ይላል ቀስ ብሎ።

ከዚህ በላይ ምን ይበለኝ? እሱ መጥቷል፤ የቀረው የእኔ ነው። «ግባ» ማለት ብቻ ነው። ግን እናቱ «ለምና መለሰችው» ብትልስ? ሽማግሌዎቹ ፊት የማልኩትስ? ደግሞ እሱ ራሱ አፍ አውጥቶ «ልግባ» ቢለኝ ምን አለበት? ይህን ሁሉ ሳወጣ ሳወርድ፣ እሱ መቆየቴን እንደ መልስ ቆጥሮ የሻንጣውን ገመድ ያጠብቃል።

«በል እንግዲህ ሳይሞቅ ሂድ» ይላል አፌ። «ፀሐይ ላይ አታቁመው። የሞላ ጎማ ሙቀት አይወድም።»

«እሺ። እግዜር ይስጥልኝ።»

ብስክሌቱን ከአጥሩ ያወጣዋል። ስሙን ልጠራ እስከ አጥሩ እከተለዋለሁ፤ አልጠራውም። ፋንታ ብስክሌቱ ላይ አይወጣም። ጎማው ሙሉ ነው፣ መንገዱም ቁልቁለት ነው፤ እሱ ግን እየገፋ በእግሩ ይሄዳል፣ ቀስ እያለ፣ በየጥቂቱ እየቆመ።