ለግራ አውራ ጣት የተገዛ ክሬም

የፅዳት ሠራተኛዋ ሁልጊዜ ጠዋት የአለቃዋ ቢሮ ገብታ የሰዓት መቆጣጠሪያው ማሽን ላይ ጣቷን ታስነብባለች። መጀመሪያ ቀኝ አውራ ጣት፣ ቀጥሎ ግራ። የማሽኑ ፊት ወደ አለቃው ነው የዞረው።

ግራው አልነበብ ካለ ሦስት ሳምንት ሆነው። ግራኝ ናት፤ በረኪና ውስጥ ሲነከር የሚውለው እሱ ነው። ተሰነጣጥቆ የደረቀ ጭቃ መስሏል።

«ጋሼ፣ ቀኙ ይነበብ የለ እንዴ?»

«ሁለቱም ካልተነበቡ መጥታለች ማለት አልችልም።»

«ይኸው ፊትዎ ቆሜ?»

«እኔማ አየሁሽ። ማሽኑ አላየሽም። እስከ ወር መጨረሻ ካልዳነ ሌላ ሰው እቀጥራለሁ።»

ሦስት ልጆች የሚያድሩት በሷ ደመወዝ ነው። እንቅልፍ አጣች።

በማግስቱ አለቃው፣ ለአንድ መወልወያ ጨርቅ ሦስት ፊርማ የሚያስፈርመው ሰውዬ፣ ከኪሱ ክሬም አውጥቶ ሰጣት። ካርቶኑ ላይ ያነበበውንም እንደ ፕሮፌሰር ተነተነላት።

«ቆዳ ማለት የጡብ ግንብ ነው። ሴሎቹ ጡብ፣ በመሃል ያለው ቅባት ሲሚንቶ። በረኪና ሲሚንቶውን ይበላዋል፤ ያኔ እርጥበቱ ይወጣል፣ የሚያቃጥለው ይገባል። ይሄ ሴራሚድ የሚባል ቅባት አለው፣ ሲሚንቶውን ይተካል። ሽቶ የለውም፤ ሽቶ የቆሰለ ቆዳ ያስቆጣል። ታጥበሽ ሳይደርቅ ተቀቢ።»

ወሬ ስለማያመልጣት «ሬዲዮ» የምትባለው ባልደረባዋ ነገሩን ስትሰማ መጥረጊያዋን አስደገፈች።

«ወንድ ልጅ ከጣት ጀምሮ ነው ክንድ የሚጠይቀው፣ እህቴ።»

«ተይ እንጂ፣ ባለትዳር ነው።»

«ታዲያስ? ሚስቱ እንደሆነች እኩለ ቀን ሳይሆን ከአልጋ አትወርድ። በየወሩ መጨረሻ፣ የደመወዝ ቀን፣ በር ላይ መኪና አቁማ ስትጠብቀው ነው የምናያት።»

ሰውዬው ባሰበት። በየቀኑ ጣቷን ወደ ብርሃን አንስቶ በመነጽር ይመረምራል። ጓንት ገዛላት። በረኪናውን ነጥቆ ለሬዲዮ ሰጠ።

«አሁንስ ለይቶለታል» አለች ሬዲዮ፣ ባልዲውን እየጎተተች። «የሱ ፍቅር የኔን እጅ ሊልጥ ነው።»

የፅዳት ሠራተኛዋ ቆረጠች። ሥራው ይቅር እንጂ የሰው ትዳር አታፈርስም። የወሩ የመጨረሻ ቀን ጠዋት የምትለውን ስታጠና አድራ አለቃው ሳይመጣ ቢሮው ገባች። ግራ አውራ ጣቷ እንደ ሕፃን ጉንጭ ለስልሷል። ማሽኑን ወደ ራሷ አዞረችና ጣቷን ጫነችበት።

ጢጥ አለ። አረንጓዴ በራ።

ስክሪኑ ላይ የአለቃው ሚስት ፎቶ ብቅ አለ፤ ከሥሩ «በሰዓቱ ገብተዋል» ይላል።