የቺሊው ደመና

“አባ፣ ትንሽ ከፍ ያድርጉት” አለች ቶይባ፣ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳታነሳ።

አባቷ ሙሳ ስልካቸውን የያዘ እጃቸውን በመስኮቱ አወጡና ከፍ አደረጉ። ከሚሴ ውስጥ ኔትወርኩ ከነጋ ጀምሮ ይሄዳል፣ ይመጣል። ኮምፒውተሩ ኢንተርኔት የሚያገኘው በስልክ ነው፤ የእሷ ስልክ ጭራሽ እምቢ ብሏል። የእሳቸው ደግሞ የመስኮቱ ደፍ ላይ ሲያስቀምጡት ይጠፋል፤ የሚይዘው ከውጭ፣ ያውም ከፍ ሲል ነው።

የገቡት ደህና ዋይ ሊሏት ነበር። ሐምሌ ገብቶ ዝናብ የለም፤ የጨፋ ሸለቆ ማሽላ ከጉልበት ሳያልፍ ጠውልጓል። የሰፈሩ ሰው ከመንገዱ ማዶ ወዳለው ሜዳ ለዝናብ ዱዓ ተጠራርቶ እየወጣ ነው። ሙሳ ፎጣቸውን እንደደረቡ፣ ዱላቸውን በሩ ላይ እንዳስደገፉ ቀሩ።

ቺሊ ግን ገና ሌሊት ነው። ቶይባ ለዶክትሬቷ ዓመት ሙሉ ስትጠብቀው የኖረችው የቴሌስኮፕ ተራ በዚህ ሌሊት ነው፤ እሱም ሊነጋ ተቃርቧል። ተራራው ላይ ያለችው የመሣሪያው ሠራተኛ ደጋግማ የምትጽፍላት አንድ ነገር ነው፦ ደመና አለ፣ ጉልላቱን አልከፍትም። ቶይባ ተነሳች፣ ተቀመጠች፣ ጥፍሯን ነከሰች፣ ደግሞ ተነሳች።

አባቷ ምኑን ነው እንዲህ የምትጠብቂው አሏት። አዲስ የተወለዱ ከዋክብት ናቸው፣ አንድ ላይ አቧራ ውስጥ ተቀብረዋል አለቻቸው። በዓይን አይታዩም፤ የሙቀታቸው ብርሃን ግን አቧራውን ጥሶ ይወጣል፣ መሣሪያው የሚያየው እሱን ነው። የተወለዱበትን ጋዝ እየገፉ ያስወጡታል፤ እሱ ሄዶ ካለቀ እዚያ ሌላ ኮከብ አይወለድም። በምን ፍጥነት እንደሚሄድ ነው ማወቅ የፈለገችው። አየሩ ውስጥ ውሃ ካለ ግን ያን ብርሃን ይውጠዋል።

“እንግዲያ ደመናው ይነሳ ነው የምትይው።”

“አዎ፣ አባ።”

ጎረቤታቸው በድሩ ከደጅ ሲጠራቸው፣ ቅደሙ እደርሳለሁ ብለው መለሱለት። ቶይባ አፈረች፤ ይሂዱ አለቻቸው። ስልኩን ወደ ሌላው እጃቸው አዛወሩት እንጂ አልተነቃነቁም።

“ኢንታላ ኮ፣ ልጄ” አሉ ቆይተው፣ “ዘንድሮ ደመና አንሳ ብዬ አላህን ለመለመን አፌ እሺ አይለኝም። አንቺ ለምኚ። እኔ አሚን እላለሁ።”

ከሜዳው የሕዝቡ ድምፅ ይሰማል፤ ዝናብ ስጠን ይላል። ቶይባ በለሆሳስ ለመነች። ስትጨርስ ደነገጠችና “ለዚያ አገር ብቻ” ብላ ጨመረች።

“አሚን” አሉ አባቷ።

ጉልላቱ የተከፈተው ተስፋ ቆርጣ ወገቧን ይዛ ስትቆም ነው። ተንደርድራ ተቀመጠች። መጀመሪያ የመጣው ምስል ግራጫ ብቻ ነበር። ሁለተኛው ላይ የጋዙ መስመር ታየ፤ ካሰበችው በላይ ወዲህም ወዲያም ተለጥጧል፤ መስመሩ በተለጠጠ ቁጥር ጋዙ ፈጣን ነው። የተሳሳተች መስሏት ምስሉን እንደገና አስነሳች። ያው ነው።

“ወጣ?” አሉ አባቷ።

“እየወጣ ነው፤ በኃይል ነው የሚወጣው።”

ቺሊ ነግቶ ጉልላቱ ከተዘጋ በኋላ የመጣላትን ስታይ ቆይታ ቀና አለች። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ አባቷ የሉም። እስከ ደጁ ሮጠች። ሰዉ ከዱዓ እየተመለሰ ነበር፤ አቧራውን እያቦነነ። አባቷ ብቻቸውን በመካከሉ ወደ ሜዳው ይሄዳሉ።

ባዶው ሜዳ ላይ ቆሙ። ለዝናብ ዱዓ ወጉ እንደሆነው ፎጣቸውን ገልብጠው ደረቡና እጆቻቸውን ዘረጉ። ግራው ወደ ጠራው ሰማይ ወጣ። ስልኩን ይዞ የቆየው ቀኙ ግን ዝሎ ደረታቸው ላይ ቀረ፤ እዚያው ዘረጉት።